የሐርቡዋ ወፍና እኛ

ፎቶዎቹ 11 ናቸው። የደረሱን ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ማክሰኞ ማታ፣ ደሴ ፒያሳ ሻይ ይዘን መብራት እስኪመጣ ስንጠብቅ ነው። ላኪው ከመካከላችን የአንዷ የአክስት ልጅ ነው። ሐርቡ የሚኖር፣ ጠዋት 8ኛ ክፍል የሚማር፣ ከሰዓት ከብት የሚጠብቅ፣ ስልኩ ከእጁ የማይለይ ልጅ። ከፎቶዎቹ በታች አንዲት መስመር ጽፏል፦ «እትዬ ይቺ ወፍ ምንድን ናት?»

እውነቱን እንናገርና ወፍ መሆኗን ያወቅነው እሱ ወፍ ስላላት ነው። ፎቶው ላይ የሚታየው ውሃ ነው፤ ቄጤማ ነው፤ የአንዲት ቡናማ ላም ግማሽ ጎን ነው። ከዚያ ወዲያ፣ ውሃውና ቄጤማው የሚገናኙበት ላይ፣ የኑግ ፍሬ የምታህል ነገር አለች። በሁለት ጣት ስትለጥጧት ትተልቅና አራት ማዕዘን ትሆናለች። ብዙ ትንንሽ አራት ማዕዘን። ከላይ ቀይ ቡኒ፣ መሀሉ ጠቆር ያለ፣ ጫፉ ላይ ነጭ። በቃ።

«ዶሮ ናት» አለ ከመካከላችን አንዱ። ሳቅን። መብራቱም አልመጣም።

እኛ ማለት 4 ነን። ሁለታችን ጋዜጠኝነት ተመርቀን ሲቪያችንን በየቢሮው እናዞራለን፤ አንዱ ባዮሎጂ ያስተምራል፤ አንዱ ኮምቦልቻ ላይ ስልክ ይጠግናል (ከአራታችን ቋሚ ገቢ ያለው እሱ ብቻ ነው፤ ሻዩንም የሚከፍለው እሱ ነው)። ወፍ የሚባል ነገር ላይ ከዚያ ማታ በፊት አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም። የባዮሎጂው ሰውዬ ግን ስልኩን ተቀብሎ ሰባተኛዋን ፎቶ ላይ ታች ሲያደርግ ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ስም ጠራ። ፍላፍቴይል።

እዚህ ላይ ትንሽ ገለጥለጥ እናድርገው፤ ምክንያቱም ታሪኩ ያለ ስሙ ምንም አይደለም። ፈረንጆቹ ኋይት ዊንግድ ፍላፍቴይል የሚሏት፣ በሳይንስ ስሟ ሳሮትሩራ አይሬሲ የምትባል የረግረግ ወፍ አለች። ርዝመቷ ከ14 እስከ 16 ሳንቲሜትር ነው፤ ከድንቢጥ እምብዛም አትበልጥም። ቶማስ አይረስ የሚባል ሰብሳቢ ደቡብ አፍሪካ ላይ ያገኛትን ጉርኒ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1877 ስም አወጣላት። ከዚያ ወዲህ የምትታወቀው በዋናነት ሁለት አገር ላይ ነው፦ ደቡብ አፍሪካና እኛ ጋ። እኛ ጋ ማለት ሱሉልታና ከሆለታ አለፍ ብሎ የሚገኘው የበርጋ ጨፌ ነው። ክረምት ላይ፣ ሣሩ ጉልበት ሲደርስ፣ ሣር ውስጥ ትራባለች። ቀን ሙሉ ሣር ለሣር ትሹለከለካለች እንጂ አትታይም። ሰው ሊረግጣት ሲደርስ ብቻ ብድግ ትልና ጥቂት ሜትር በራ ተመልሳ ትጠልቃለች። ያቺን ጥቂት ሜትር ስትበር የክንፏ የኋላ ጠርዝ ነጭ ሆኖ ይታያል። ወንዱ ደግሞ ጭንቅላቱና አንገቱ ቀይ ቡኒ ነው።

ቀይ ቡኒ፣ ጥቁር፣ ጫፉ ላይ ነጭ። እስቲ አስቡት።

እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከምድር ልትጠፋ አፋፍ ላይ ካሉት ዝርዝር ውስጥ አስገብቷታል። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ወፎች ከ250 አይበልጡም ተብሎ ይገመታል። ደሴ ውስጥ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ካሉት ክፍሎች አራቱን ብትደምሩ ተማሪው ይበልጣታል። ደቡብ አፍሪካውያን ሚድልፑንት በሚባል ረግረግ ውስጥ ካሜራ ተክለው ጫጩቷን በፎቶ ያስቀሩት እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ከዚያ በፊት ከኢትዮጵያ ውጭ መራባቷ ተረጋግጦ አያውቅም ነበር። እንግዲህ ይህችው ወፍ ሐርቡ ላይ፣ ከአንዲት ላም ጎን፣ በአክስታችን ልጅ ስልክ ተነሳች ማለት ነው!

ያን ማታ አልተኛንም። ርዕሱን ጽፈን ጨርሰን ነበር። ምን ብለን እንደጻፍን ግን አንናገርም፤ ያሳፍራል።

*

በማግስቱ ስልክ ጠጋኙ ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰብን። «በቴሌግራም ፎቶ አድርጎ ከላከው የተጨመቀ ነው፤ እንደ ፋይል ይላክ» አለ። ተላከ። እውነትም ይሻላል፤ ግን የተሻለው ላሟ ናት። የላሟ ጆሮ ላይ ያለው መዥገር ሳይቀር ይታያል። ወፏ አሁንም አራት ማዕዘን ናት፤ ትንሽ የበዙ አራት ማዕዘኖች።

ከዚያ ያስተማረን ነገር እስከ ዛሬ ይገርመናል። ርካሽ ስልክ ላይ «ዙም» የምንለው ነገር የሚያቀርበው ምንም የለም። ስልኩ የፎቶውን መሀል ቆርጦ ይለጥጠዋል፤ በጎደለው ቦታ ላይ ደግሞ ከጎኑ ካለው ቀለም እየገመተ ይሞላል። ከዚያ ጠርዙን ያሾላል፤ ጨለማ ያለበትን ያጠቁራል፣ ብርሃን ያለበትን ያነጣል። ከሰዓት በኋላ የተነሳ ፎቶ ደግሞ ፀሐይዋ ዝቅ ስላለች ሁሉንም ነገር ቀይ ቡኒ ታደርገዋለች። የሐርቡ ልጅ ከብት ይዞ የሚወርደው ከሰዓት ነው። ላሟ ራሷ የተነሳችባቸውን ፎቶዎች ብናይ፣ የጠዋቷ ላም ግራጫ ቢጤ፣ የማታዋ ላም ቀይ ናት። አንዷው ላም! ነጩስ? ውሃ ላይ ያረፈ ብርሃን ካሜራውን ሲመታው ከቦታው ተርፎ ይፈስሳል፤ ያልነጣውንም ያነጣል። እኛ ታዲያ «ነጭ ክንፍ» ያልነው ከክንፉ ይሁን ከውሃው በምን እንወቅ?

መጠኗን ለመለካት ሞከርን። ከብት ተከትለው የሚሄዱት ነጫጭ ሳቢሳዎች አንዱ ፎቶ ላይ አንድ አለ። ሳቢሳው 50 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ ወፏ ሲሶው ብትሆን፣ 16 ሳንቲሜትር ይመጣል! ጮኽን። የባዮሎጂው ሰውዬ ራሱ ማስመሪያ ይዞ ስክሪኑን ሲለካ ነበር። ግን ሳቢሳው ከወፏ ቀድሞ ይቁም ወይ ከኋላዋ ማን ያውቃል? 10 ሜትር ቀድሞ ከሆነ ወፏ ዶሮ ልታክል ትችላለች። ዶሮ ናት ያለው ልጅ ይህን ሲሰማ ቀና ብሎ አየን።

ከእኛ የሚበልጡ ሰዎችም በዚህ ወጥመድ ገብተዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ፣ አርካንሳስ ረግረግ ውስጥ፣ ጠፍቷል የተባለ አንድ ትልቅ ግንደ ቆርቁር በቪዲዮ ተያዘ ተባለ። ቪዲዮው ጥቂት ሰከንድ ናት፤ ወፉ ከዛፍ ኋላ ተነስቶ ይሸሻል፤ ምስሉ የእኛን ፎቶ ያህል ደብዛዛ ነው። በዓመቱ ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ወጣ፤ ዓለም አበደ። የክርክሩ ሁሉ እምብርት ምን መሰላችሁ? የክንፉ የኋላ ጠርዝ ነጭ ነው አይደለም። በ2006 ሌሎች ባለሙያዎች በዚያው መጽሔት ላይ «ያያችሁት እኮ በየጫካው ያለው የተለመደው ግንደ ቆርቁር ነው፤ ነጩ የክንፉ የታችኛው ገጽ ነው» ብለው መለሱ። ዛሬም ድረስ አልተስማሙም። ፒኤችዲ ያላቸው ሰዎች ከጥቂት ሰከንድ ቪዲዮ ላይ አንድ ነጭ ጠርዝ መስማማት ካቃታቸው፣ እኛ በላሟ ጎን ምን እናደርጋለን?

በነገራችን ላይ የኛም አገር በዚህ ታሪክ አላት፤ የተገላቢጦሽ። ነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990 ከመንገድ ላይ መኪና የጨፈለቀው የወፍ ክንፍ ተገኘ። አንድ ክንፍ ብቻ። ክንፉ ከሚታወቅ ከማንም ጋር አልገጥም ስላለ በ1995 አዲስ ዝርያ ተብሎ ተመዘገበ፤ በላቲን የወጣለት ስም «ሶላላ» ትርጉሙ «ክንፍ ብቻ» ነው። እኛ 11 ፎቶ ይዘን፣ እነሱ አንድ ክንፍ ይዘው! ግን ክንፉን በእጅ ይዞ ላባውን መቁጠር ይቻላል።

*

በዚህ መሀል ግን ጋዜጠኞች ነንና ምስክር አለን ብለን ልጁ ጋ ደወልን። ላውድ ስፒከር ላይ አድርገን፣ አራታችንም ጆሯችንን ደፍተን።

«ክንፏ ጫፍ ላይ ነጭ አላት አይደል?»
«አዎ እትዬ።»
«ጭንቅላቷ ቀይ ነው አይደል?»
«አዎ።»
«ሣር ውስጥ ነው አይደል የምትደበቀው?»
«አዎ እትዬ፣ ትደበቃለች።»

ስልኩን ዘጋነውና ተቃቀፍን። ሦስት ጥያቄ፣ ሦስት አዎ። ማስታወሻ ደብተራችን ላይ «የዓይን እማኝ አረጋግጧል» ብለን ጻፍን። አራት ዓመት የተማርነው ትምህርት በሦስት «አይደል?» ገደል ገባ። የወሎ ልጅ ከደሴ የደወለችለትን እትዬ «የለም፣ ተሳስተሻል» ይላል እንዴ? ነውር ነው።

የነቃነው በሳምንቱ ነው፤ ያውም በአጋጣሚ። ከመካከላችን አንዷ ስለሌላ ነገር ደውላለት ኖሮ፣ እግረ መንገዷን፣ ሳታስበው፣ «ጅራቷስ ረጅም ነው አይደል?» ትለዋለች። «አዎ እትዬ፣ ረጅም ነው» አላት። ፎቶው ላይ ጅራት የሚባል ነገር የለም። ጭራሽ የለም። ፍላፍቴይልም ጅራቷ እዚህ ግባ የማይባል ነው። ልጁ አልዋሸም፤ የፈለግነውን ሰጠን እንጂ።

*

ቅዳሜ ወረድን። ከኮምቦልቻ ሐርቡ ሃያ ኪሎሜትር ምናምን ነው፤ በሚኒባስ ግማሽ ሰዓትም አይሞላ። ደሴ ጋቢ ለብሰን ተነስተን ሐርቡ ስንደርስ ጃኬታችንን ወገባችን ላይ አስረናል። ይህችን ሙቀት በልባችሁ ያዙልን፤ ኋላ ትፈለጋለች።

ከሐርቡ ወደ ከሚሴ ሲኬድ ቦርከና የሚተኛበት ሜዳ ነው፤ የጨፋ ሸለቆ። ወንዙ ከደሴ በላይ ተነስቶ፣ ኮምቦልቻን አቋርጦ፣ ከፋብሪካዎቹ አጠገብ የሚያልፉትን ለዮሌንና ወርቃን ተቀብሎ፣ የከተማውን ቆሻሻ ሁሉ ተሸክሞ እዚህ ሲደርስ ይዘረጋና ረግረግ ይሆናል። በበጋ የአፋር፣ የኦሮሞና የአርጎባ ከብት ሣር ፍለጋ የሚወርድበት ነው። ግመሉም፣ ላሙም፣ ፍየሉም። ነፍሳቱንና ወፎቹን ቆጥሮ የጨፋን ጤንነት የመረመረ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሟል፤ ሰው የበዛበት ቦታ ውሃው ውስጥ ያለው ሕይወት እንደሚሳሳ ያሳያል። ያደግነው እዚሁ ሆኖ በዚህ መንገድ አዲስ አበባ ስንመላለስ ስንት ጊዜ በመስኮት አይተነው አልፈናል! ለእኛ «ከሚሴ ለመድረስ ትንሽ ቀረን» ማለት ብቻ ነበር።

ልጁ ጋር ቦታው ድረስ ሄድን። ከመንገዱ ዳር ቆመን በተውሶ ያመጣነውን አቅራቢ መነጽር ስናወጣ ሁለት ሰዎች ሞተር አቁመው «ምንድን ነው የምታዩት?» አሉን። «ወፍ» አልን። አላመኑም። አንፈርድባቸውም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ምን እንዳዩ የምናውቀው እኛው ነን፤ ከዚያ ወዲህ በዚህ መንገድ ላይ መነጽር ይዞ ሜዳ የሚያይ ሰው ወፍ የሚያይ አይመስልም። መታወቂያ አሳየን፤ ልጁ የማን ልጅ እንደሆነ ተናገረ፤ አለፈ።

ወፏ አልነበረችም። ውሃውም ከፎቶው አንሷል። ፎቶው ላይ ቄጤማ የነበረበት ጥግ ላይ አዲስ ቦይ ተቆፍሮ ውሃው ወደ ታች እየሄደ ነው፤ ከቦዩ ወዲያ ሽንኩርት ተተክሏል። የሚቆፍሩት ልጆች በእድሜ እኛን ያክላሉ። ከመካከላቸው አንዱ እንደኛው ዲግሪ ያለው ነው፤ ሲቪል ኢንጂነሪንግ። «ቦዩ ቀጥ ብሎ አይደል?» አለን እየሳቀ። እውነትም ቀጥ ብሏል። መሬት የለውም፣ ሥራ የለውም፤ ሽንኩርት ደግሞ በሦስት በአራት ወር ብር ይሆናል። ምን እንበለው?

የልጁ አያት ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ከብቱን ያያሉ። ሰላም ብለን አጠገባቸው ተቀመጥን። ስለ ወፏ፣ ስለ 250ው፣ ስለ ደቡብ አፍሪካ ነገርናቸው። ዝም ብለው ሰሙን።

«እና አሁን እሷ ከሆነች ምን ይሆናል?» አሉ።

«አባባ፣ እሷ ከሆነች የሚመለከታቸው ሰዎች ይመጣሉ። ቦታው ይጠበቅ ይሆናል። በርጋ ላይ በእሷ ምክንያት ትምህርት ቤት ሳይቀር ተሠርቷል፤ ጨፌውንም የአካባቢው ሰው ማኅበር አቋቁሞ ይጠብቃል።»

«ቦዩስ?»

«ምናልባት …»

«ታዲያ እሷው ናት በሉ!» አሉን። «አብሽሩ፣ እሷው ናት በሉ። ማን ወርዶ ያያታል? እናንተም አላያችኋት። ወፍ ወፍ ናት። እኔ የማውቀው ሣሩ እንደሄደ ነው። ላሞቼ ሽንኩርት አይበሉም።»

ከዚህ በላይ ያሳመነን ሰው በሕይወታችን የለም።

*

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ተጣላን። ቀልድ አይደለም፣ የምር ተጣላን፤ ረዳቱ ሁለት ጊዜ «ዝም በሉ» አለን። ሁለታችን እንጻፈው አልን፤ ሁለታችን አይጻፍ። እንጻፈው ካልነው አንዱ መፍትሔ አመጣ፦ የጥያቄ ምልክት። «ብርቅዬዋ ወፍ ሐርቡ ታየች?» ይባል፤ ጥያቄ እንጂ ዜና አይደለም፤ ዋሻችሁ የሚል አይኖርም። ይህን የጥያቄ ምልክት በጋዜጣ ስንት ጊዜ አንብበነው ስቀንበታል! አሁን ግን የአዛውንቱ ላሞች ዓይናችን ላይ አሉ፤ የጥያቄ ምልክቷም ትንሽ ኃጢአት መሰለችን።

አይጻፍ ያለው የባዮሎጂው ሰውዬ ነው፤ ስሙን የጠራው ራሱ! «ነገ ሰው መጥቶ ቢያጣት፣ ከነገ ወዲያ ስለ ጨፋ እውነት ብትጽፉ ማን ያምናችኋል?» አለ። አንዱ «ማንም አሁንም አያምነንም፤ ሥራ የለንም እኮ» አለው። ከኮምቦልቻ ደሴ ያለውን ዳገት ዝም ብለን ወጣን። ከአራታችን አንዱ ለሁለት ሳምንት ሻይ አልመጣም። ሻይ ከፋዩ ስለነበር ሐዘናችን ድርብ ነበር።

*

ነገሩን የፈታው ፎቶው አይደለም። ጋዜጠኝነት አንደኛ ዓመት ላይ ያስተማሩን ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፤ የት እና መቼ።

የት? ፍላፍቴይል ኢትዮጵያ ውስጥ የምትራባባቸው ጨፌዎች ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 እስከ 2,600 ሜትር ላይ ያሉ ናቸው። ብርድ ያለበት ሱሉልታ ነው፤ በርጋ ነው። ሐርቡ 1,500 ሜትር ገደማ ነው። ጃኬታችንን ወገባችን ላይ ያሰርንበት አገር ነው! ደሴ ሜዳ ላይ አገኘናት ብንል እንኳ ከፍታው ባስታረቀን ነበር።

መቼ? እኛ ጋ የምትታየው ክረምት ላይ ነው፣ ከሰኔ እስከ መስከረም። ፎቶው የታኅሣሥ ነው። ይህን ገና ከመጀመሪያው ማታ እናውቀዋለን፤ ግን አንድ ብልጠት አግኝተንለት ነበር፦ «ከመስከረም በኋላ የት እንደምትገባ እኛ ጋ ያየ የለም፤ ስለዚህ ሐርቡ ትገባ ይሆናል!» ታኅሣሥ የደቡብ አፍሪካ ክረምተ ዝናብ መሆኑን፣ እነዚያም የሚያዩዋት ያኔ መሆኑን፣ የሁለቱ አገር ወፎች ዘረመል ሲመረመር እጅግ ተቀራራቢ ሆኖ መገኘቱን እያነበብን አልፈነዋል። ሰው የማይፈልገውን ነገር ሲያነብ እንዴት ቶሎ ያነባል!

ከዚያ ልጁ ጋ እንደገና ደወልን። አሁን አንድ ጥያቄ ብቻ ይዘን፤ «አይደል» የሌለበት።

«ያየኸውን ንገረን። እኛ ምንም አንልም።»

ዝም አለ። ከዚያ ጀመረ፤ ማቆሚያ አጣ። ወፏ ሁልጊዜ ውሃው ላይ ናት፤ ሣር ውስጥ ስትገባ አላያትም። ውሃው ላይ የተኙት ሰፋፊ ቅጠሎች አሉ አይደል፣ የአበባው ቅጠል፣ እሱ ላይ ትሄዳለች። አትሰምጥም። ሌሎች ትልልቅ አሉ እንደሷ ቅጠል ላይ የሚሄዱ፣ ጣታቸው እንደ ሸረሪት የሆነ፤ እሷ ግን የእነሱን ግማሽ ናት። ስትበር እግሯ ከኋላ ይንጠለጠላል። ሆዷ ነጣ ያለ ነው። ክንፏ ጫፉ ነጭ ነው፤ «ይሄን እንኳ እውነቴን ነው እትዬ፣ ወላሂ።»

የባዮሎጂው ሰውዬ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። ሬድማን፣ ስቲቨንሰንና ፋንሾ የአፍሪካ ቀንድ ወፎች ብለው እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙትን መጽሐፍ በስልኩ ከፈተ። ጃካና። በረጃጅም ጣቶቿ ክብደቷን በትና ቅጠል ላይ የምትራመድ የውሃ ወፍ። ትልቋ አፍሪካዊት ጃካና በየሐይቁ አለች፤ ጫጩቷ ሲያድግ ሆዱ ነጭ ነው። ትንሿ ጃካና የምትባል ደግሞ ሌላ አለች፤ እምብዛም የማትታይ፣ ከ15 እስከ 17 ሳንቲሜትር የምትሆን። አናቷ ቀይ ቡኒ። ሆዷ ነጭ። ስትበር የክንፏ የኋላ ጠርዝ … ነጭ።

ተያየን። ሳቅ ይሁን ለቅሶ አናውቅም። ቀለሙም፣ ጠርዙም፣ ልኩም ያው! ሁለቱን የሚለየው እግር ነው፤ ስትበር ከኋላ የሚንጠለጠለው ረጅም ጣት። ወደ 11ዱ ፎቶዎች ተመለስን። በአምስቱ ቅጠል ወይ ቄጤማ ከልሏታል። በአራቱ እግር ያለበት ቦታ አራት ማዕዘን ነው። በአንዱ ጀርባዋን ሰጥታለች። በሰባተኛዋ፣ በዚያች ሁሉ ነገር በጀመረባት፣ ወፏ ብድግ ብላለች፤ ክንፏ ተዘርግቷል፤ ነጩ ይታያል፤ እግሯ ደግሞ ከላሟ ጎን ኋላ ነው።

ትንሿ ጃካና ናት እንበል? ደስ ባለን። እሷም ብትሆን እዚህ ሸለቆ ውስጥ ትታይ አትታይ ቢጻፍ የሚጠቅም ወፍ ናት። ግን አሁንም ያለን የልጁ ቃልና የላሟ ጎን ነው። የትልቋ ጫጩት ብትሆንስ? ልጁ ግማሽ ያላት ገና ስላላደገች ቢሆንስ? ማስታወሻ ደብተራችን ላይ «የዓይን እማኝ አረጋግጧል» የሚለውን ሰርዘን «ጃካና ሳትሆን አትቀርም፤ የትኛዋ እንደሆነች ከፎቶው አይለይም» ብለን ጻፍን። ርዕስ አይሆንም። ያቺን ማታ የጻፍነውን ርዕስ አጠፋነው።

ስለ ቦዩም የሆነው ይኸው ነው፤ ጻፍን፣ ያለ ወፏ። ስለ ሣሩ፣ ስለ አዛውንቱ ላሞች፣ ስለ ሽንኩርቱና ቀጥ ያለ ቦይ ስለቆፈረው ኢንጂነር። ለአንድ ቢሮ ወሰድነው፤ «ጥሩ ነው፣ ግን ዜናው ምኑ ላይ ነው?» ተባልን። ወፏ ብትኖር ኖሮ ብለን አሰብን፤ እርስ በርስ ግን አልተያየንም።

ለልጁ የደወልነው እያፈርን ነው። ያቺ ብርቅዬ ወፍ አይደለችም አልነው። አዝኖ ይዘጋዋል ብለን ነበር።

«ታዲያ የትኛዋ ናት?» አለ።

«እግሯን ካላየን አናውቅም።»

«እግሯን ነው የምትፈልጉት? ቀድማችሁ አትሉኝም!»

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ይልካል። እንደ ፋይል ነው የሚልከው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ከየት ቆሞ እንዳነሳ ይጽፍበታል፤ ላሟን ከፊት ማባረርም ተምሯል። ትናንት ማታ የመጣችው እስካሁን ከመጡት ሁሉ ትበልጣለች። ጠዋት የተነሳች ናት፤ ብርሃኑ ጥሩ ነው፤ ወፏ ጎኗን ሰጥታ ቆማለች፤ አናቷ፣ ዓይኗ፣ ምንቃሯ ሳይቀር ይታያል። ከሥሩ «ይሄስ እትዬ?» ይላል።

እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ናት።